የክቡ ዕድሜ

የአትክልት ቦታን ፕላኑ በሚያሳየው መልክ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ወደ ግቢ የሚገባ ሰው በበሩ ይገባል፤ ግንዱን ከጎን፣ ቅጠሉን ከሥር፣ አበባውን ጎንበስ ብሎ ያያል። ፕላኑ ግን ሁሉን ከአናት ያሳያል፤ ያውም በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ በሚወርድ እይታ። አሞራ እንኳ እንዲህ አታይም። እሷም በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ናትና ከሥሯ ያለውን ቀጥ አድርጋ፣ ራቅ ያለውን ግን አጋድላ ታየዋለች። የግቢ ፕላን በእጅ መሳል የሚማር ሰው እንግዲህ ገና ከጅምሩ ከባድ ነገር ይጠየቃል፤ ማንም ቆሞበት ከማያውቅ ቦታ ሆነህ እይ ይባላል።

ለዚህ የሠዓሊ እጅ አያስፈልግም። ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ ሹል እርሳስና ላጲስ ይበቃሉ። የሚያስቸግረው ራስን ከወረቀቱ ላይ ማንሣቱ ነው። ጀማሪ ግቢውን ከትዝታው ሲስል የሚወደው ነገር ይገዝፍበታል። በረንዳው ከልኩ ይሰፋል፤ የጽጌረዳው መደብ ይንዠረገጋል፤ የውሃ ታንከሩ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱና የልብስ ማስጫው ገመድ ጭራሽ ይቀራሉ። ሜትር ሲዘረጋ ግን ታንከሩ ቦታውን ይጠይቃል። የምንወደው ነገርና የምንሸሸው ነገር በአንድ ስኬል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ግቢያችንን በዚህ ዓይነት ፍትሕ አይተነው አናውቅም።

ልኬት የሚጀምረው ከማይንቀሳቀስ ነገር ነው። ከቤቱ ሁለት ማዕዘኖች ይመረጣሉ። አንድ ወይራ የት እንደቆመ ለማወቅ ከመጀመሪያው ማዕዘን እስከ ግንዱ፣ ከዚያም ከሁለተኛው ማዕዘን እስከ ግንዱ ይለካል። ወረቀቱ ላይ ኮምፓሱ በመጀመሪያው ልክ ተከፍቶ አንድ ቅስት፣ በሁለተኛው ልክ ተከፍቶ ሌላ ቅስት ይሳላል፤ ሁለቱ የተቋረጡበት ነጥብ ወይራው ነው። አጥሩ ስኳድራ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ ግንበኞቻችን ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ አለ። በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካና በሁለቱ ጫፎች መካከል 5 ሜትር ካልመጣ ማዕዘኑ ጠማማ ነው። (አዲስ አበባ ውስጥ 5 የሚመጣለት የግቢ ጥግ ማግኘት ራሱ ዕድል ይጠይቃል።) በዚህ ሁሉ ውስጥ የለኪው መቆሚያ አንድም ቦታ አይመዘገብም። ወይራው ያለበትን የምናውቀው ከሁለት ሌሎች ነገሮች ተነሥተን እንጂ ከራሳችን ተነሥተን አይደለም።

ከዚያ ስኬል ይመጣል። አንድ 200 ካሬ ግቢ 10 በ20 ሜትር ቢሆን፣ በ1:50 ሲቀነስ 20 በ40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ኤ3 ወረቀት 29.7 በ42 ስለሆነ ልክክ ብሎ ይገባል። በዚህ ስኬል የአንድ ሜትር ቁጥቋጦ ሁለት ሳንቲ ሜትር ክብ ነው። ቅጠል አይሳልም፣ አበባም አይሳልም። መስመሩ ራሱ እንኳ ውፍረት አለው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ የእርሳስ መስመር መሬት ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሸፍናል። ከዚያ ያነሰ ነገር በዚህ ወረቀት ላይ ሊነገር አይችልም። ኮምፒዩተር ላይ እስከ ፈለግነው ድረስ ማጉላት ስለሚቻል ሁሉም ነገር መነገር ያለበት ይመስለናል፤ ወረቀት ግን ገና ሳንጀምር ምን ዝም እንደምንል ያስመርጠናል። መስመሩም እንዲሁ በደረጃ ይከፈላል። ግድግዳና አጥር በወፍራም፣ መንገድና መደብ በመካከለኛ፣ ተክል በቀጭን መስመር ይሳላል። ውፍረቱ ነገሩን ለማንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል። ግድግዳ ለማፍረስ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጤና አዳምን ለማዛወር አንድ እሑድ ጠዋት ይበቃል።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ብዙ ዘመን ቤት ሲነድፉ የኖሩ አዛውንት ነበሩ። ስለ መስመሬ ጥራት ብዙም አይናገሩም። ዛፍ ብዬ የሳልኩት ክብ ላይ ግን የእርሳሳቸውን ጫፍ ያሳርፉና «ይህ ክብ ስንት ዓመቱ ነው?» ይሉኛል።

ከችግኝ ጣቢያ የምናመጣው አቮካዶ በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ያለ አንድ ዘንግና ጥቂት ቅጠል ነው። ዛሬ ባለው ልኩ ከተሳለ በ1:50 ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ደንቡ ሲያድግ በሚኖረው ልክ ሳለው ይላል። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ቅርንጫፉ በቀላሉ 8 ሜትር ይሰፋል፤ ወረቀቱ ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ክብ ማለት ነው። የግቢያችን ወርድ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ነበር። ኮምፓሱን በዚያ ልክ ከፍቶ አንድ ጊዜ ያዞረ ሰው ስለ አቮካዶው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ክቡ በረንዳውን ውጦ የጎረቤትን ቆርቆሮ ሲነካ በገዛ እጁ ያየዋል።

የአዛውንቱ ጥያቄ ግን ከዚህም ያልፋል። ሲያድግ ስንል መቼ ማለታችን ነው? ጽጌረዳዋ በሁለት በሦስት ዓመት ክቧን ትሞላለች። ኮኩ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይሞላል፤ ብዙ ሳይቆይም ያረጃል። ዝግባ ግን እስከ 45 ሜትር የሚደርስ፣ ዕድሜው በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዛፍ ነው፤ ክቡን የሚሞላው ሳዩ ካለፈ፣ ምናልባትም ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው። አንድ ወረቀት ላይ የተሳሉት ክቦች እንግዲህ የተለያየ ቀን ላይ ናቸው። ዝግባው ክቡን ሲሞላ ኮኩ የለም፣ ጽጌረዳዋም በጥላ ሞታለች። ሁሉም ተክል እኩል ሞልቶ የሚታይበት ያ የፕላኑ ቀን መቼም አይመጣም። ፕላን ማንም ካልቆመበት ቦታ የሚያይ ብቻ ሳይሆን ማንም በማይኖርበት ቀን የሚያይ ሥዕል ነው። እኔ የአትክልት ፕላንን የቦታ ሥዕል አድርጎ ማየት የተውኩት ከዚህ በኋላ ነው። የጊዜ ሥዕል ነው፤ ቦታውን የሚጠቀመው እንደ ወረቀት ነው።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ሳንክት ጋለን በምትባል ከተማ፣ በጥንታዊው ገዳም ቤተ መጻሕፍት፣ 1,200 ዓመት ገደማ የሆነው ፕላን አለ። የብራና ነገር የማናውቅ ሰዎች አይደለንምና አሠራሩን ብናየው አይገርመንም። አምስት ብራና እርስ በርስ ተሰፍቶ 112 በ77 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኗል፤ መስመሩ በቀይ ቀለም፣ ጽሑፉ በጠቆረ ቀለም ነው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ራይኸናው በተባለው የደሴት ገዳም ተስሎ ለሳንክት ጋለኑ አበምኔት ለጎዝበርት የተላከ፣ የአንድ ሙሉ ገዳም ንድፍ ነው። ከሐኪሙ ቤት አጠገብ 16 የመድኃኒት መደቦች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ የተክሉ ስም ተጽፏል። ከስሞቹ መካከል የጤና አዳም ወገን፣ አብሽ፣ ከሙንና ናና ይገኛሉ። እናቶቻችን በጓሯቸው እና በጓዳቸው የሚያውቋቸው ናቸው። ዝቅ ብሎ 18 የጎመንና የቅመም መደቦች አሉ፤ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድንብላሉ በየስማቸው ተቀምጠዋል፤ አትክልተኛውም ከጎናቸው ቤት ተሰጥቶታል።

እኔን የሚይዘኝ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ነው። የመነኮሳቱ መቃብርና የፍሬ ዛፉ ቦታ አንድ ነው። ፖም፣ በለስ፣ ኮክ ሐረግ በመሰለ ምልክት ተስለው በመቃብሮቹ መካከል ቆመዋል። ሳዩ ማን እንደሆነ በስሙ አናውቀውም፤ የአዛውንቱን ጥያቄ ግን የመለሰው ይመስለኛል። ዛፍ ከተካዩ ዕድሜ ጋር እንደማይገጥም ካወቀ ሰው ዘንድ ተካዩን እና ዛፉን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ቀጥተኛ መልስ ነው። ፕላኑ እንደተሳለው ተሠርቶ አያውቅም። በ12ኛው መቶ ዓመት አንድ መነኩሴ በጀርባው የቅዱስ ማርቲንን ገድል ጻፈበት፤ ቦታ ሲያልቅበት ደግሞ ወደ ፊት ገልብጦ አንድ ጥግ ላይ የነበረውን ሕንጻ ፍቆ ጨረሰበት። ብራናው ከእነፍቀቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ገድሉ ባይጻፍበት ኖሮ ማንም እስከ ዛሬ ያቆየው ነበር ብዬ አላስብም።

ጊዜ በወረቀት ላይ የሚገባበት ሌላ በር ጥላ ነው፤ እዚህ ላይ የውጭ መጻሕፍትን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። በአውሮፓ የተጻፈ የአትክልት መጽሐፍ ሁሉ የግድግዳ ሰሜናዊ ጎን ጥላ ነው፣ ደቡባዊው ፀሐይ ነው ይላል፤ ለራሱ አገር ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከእኛ በስተ ሰሜን ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ ዛፍ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ከ6 ሜትር በላይ፣ በሰኔ አጋማሽ ወደ ደቡብ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። ያው ዛፍ ለንደን ቢሆን በታኅሣሥ ቀትር ጥላው 37 ሜትር ይሆን ነበር። በሰኔ የሚወድቀውን ጥላ ደግሞ ደመናው አብዛኛውን ጊዜ ይሰርዘዋል፤ ስለዚህ ለእኛ ዋጋ ያለው የበጋው ጥላ፣ ከዛፉ በስተ ሰሜን ያለው ነው። መሬቱ እርጥበቱን የሚያቆየው፣ ወንበር የሚወጣው፣ ችግኝ የሚጠለለው እዚያ ነው። ይህን በቃል ማወቅ አንድ ነገር ነው። በሰሜን ቀስቱ አቅጣጫ ማስመሪያ አስጠግቶ የአንዱን ዛፍ ጥላ፣ ከዚያ የሌላውን፣ ከዚያ የሦስተኛውን በእርሳስ ማጥቆር ሌላ ነገር ነው፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ የጎመኑ መደብ የተሳለበት ቦታ ትክክል እንዳልሆነ እጅ ከአእምሮ ቀድሞ ያውቃል።

የአዛውንቱን ጥያቄ በመደብ ቅርጽ የመለሰችው እንግሊዛዊቷ ገርትሩድ ጂኪል ናት (እ.ኤ.አ. 1843-1932)። ሥዕል የተማረች ሴት ነበረች፤ የዓይኗ ድካም ግን ወደ አትክልት አዞራት። ተክሎችን በክብ ወይም በአራት ማዕዘን መደብ ከማጎር ይልቅ በቀጭንና ረጃጅም፣ ሰያፍ በሆኑ መደቦች ታሰልፋቸው ነበር። ምክንያቷ የዕለት ተዕለት ነው። አንዱ ተክል አበባውን ጨርሶ ሲከስል የሚተወው ክፍተት ቀጭን ስለሚሆን ከፊትና ከኋላ ያሉት ይሸፍኑለታል። ወረቀቱ ላይ ውበት ብቻ የሚመስለው ቅርጽ ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣውን መጠውለግ አስቀድሞ ያሰበ ነው። በኋለኛ ዕድሜዋ ብዙ ግቢዎችን ሳትሄድባቸው፣ ባለቤቶቹ የላኩላትን ልኬት ብቻ ይዛ ነድፋለች። ዓይኗ ደክሞ፣ ቦታውን ሳታየው፣ የሚያብብበትን ሳምንት ግን ታውቀዋለች። ንድፎቿ አትላንቲክን ተሻግረው ዛሬ ካሊፎርኒያ ውስጥ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

ከእሷ በፊት የነበረው ሃምፍሪ ሬፕተን (እ.ኤ.አ. 1752-1818) ግን ጥያቄውን በብልሃት ዘለለው። ለባለጸጎች ደንበኞቹ ቀይ ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት ያዘጋጅ ነበር። በውስጣቸው የርስቱ የውሃ ቀለም ሥዕል አለ፤ በሥዕሉ ላይ ደግሞ የምትገለጥ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋለች። ተዘግታ ሳለች ግቢው ዛሬ ያለበት መልክ ይታያል፤ ስትገለጥ ሬፕተን ሊያደርገው ያሰበው መልክ ይወጣል። እጁ ድንቅ ነው፤ አልክደውም። ያቺ ወረቀት ግን ሠላሳ ዓመት የሚፈጀውን የዛፍ ዕድገት በአንድ ቅጽበት ታሳልፈዋለች፤ ደንበኛው የሚገዛውም ያን ቅጽበት ነው። ይህ ብልሃት አልሞተም። በከተማችን የሚሸጡ አፓርታማዎችን ማስታወቂያ ተመልከቱ፤ ሕንጻው ገና መሠረቱ ሳይወጣ በሥዕሉ ላይ ሙሉ አዋቂ ዛፎች ከደጃፉ ቆመዋል። የእነዚያ ዛፎች ዕድሜ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ገዢ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ፕላንም የራሱ ማታለያ አለው፤ ከአናት ሲያዩት የሚያምር ንድፍ መሬት ላይ ላይታይ ይችላል። ኮከብ የመሰለ መደብ፣ የአበባ ቅርጽ ያለው መንገድ ወረቀት ላይ ያስጨበጭባሉ፤ ዓይኑ ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ያለ እግረኛ ግን የሚያየው የድንጋይ ጠርዝና ጠማማ መንገድ ነው። አንዳንድ አዳዲስ መናፈሻዎች ለድሮን ካሜራ እንጂ ለእግረኛ የተነደፉ አይመስሉም።

ወረቀት የማያስፈልጋቸው ሰዎች እንዳሉ መርሳት አይገባም። ጎጆ የሚሠራ ገበሬ ችካል ይተክላል፣ ገመድ ያስራል፣ በገመዱ ጫፍ መሬቱን እየጫረ ይዞራል። ኮምፓስ ማለት ይኸው ነው፤ ስኬሉ 1:1 ነው። በጌዴኦ ደግሞ ትልልቅ ዛፍ ከላይ፣ እንሰትና ቡና ከሥር ሆነው በአንድ ቁልቁለት ላይ ለትውልዶች ኖረዋል፤ ዩኔስኮ ያንን መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ ያለ ገበሬ ስለ እያንዳንዱ እንሰት ስንት ዓመቱ ነው ቢባል ወረቀት ሳይገልጥ ይመልሳል፤ መቼ ተነቅሎ እንደተዛወረ፣ መቼ ለመፋቅ እንደሚደርስ ያውቃል። እውቀቱ ግን ከቦታውና ከሰውየው አይለይም። ልጁ የሚወርሰው አብሮ በመሥራት ነው፤ ከተማ የገባ ልጅ አይወርሰውም።

ወረቀቱ የሚያስፈልገው እንግዲህ ላልተወለድንበት ግቢ ነው። የዛሬው ከተሜ አብዛኛው ከሌላ ሰው በገዛው ወይም በተከራየው መሬት ላይ ይኖራል፤ ከእሱ በፊት ማን ምን እንደተከለ አያውቅም፤ ከእሱ በኋላ ማን እንደሚመጣም አያውቅም። በእጅ የሚሳል ፕላን ለእንዲህ ያለ ሰው የቀረ የመተዋወቂያ መንገድ ነው። የእጅ ሥራ በራሱ ቅዱስ ነው እያልኩ አይደለም፤ በኮምፒዩተር ጥሩ ፕላን ይሠራል፣ በእጅም መጥፎ ፕላን ይሠራል። ልዩነቱ ድካሙ ላይ ነው። ስክሪን ላይ አርባ ዛፍ ለመትከል አንዱን ዛፍ አርባ ጊዜ መለጠፍ ይበቃል፤ አርባኛው እንደ መጀመሪያው ቀላል ነው። በእጅ ግን አርባ ጊዜ ኮምፓስ መክፈት፣ አርባ ጊዜ መሐል መምረጥ አለ። ዐሥራ አምስተኛው ላይ እጅ ይዝላል፤ ሰውየው ቀና ብሎ እዚህ ዛፍ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። እኔ ከዚህ ዝለት የተሻለ መካሪ አላገኘሁም።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በአገሪቱ የሚተከለው ችግኝ በሚሊዮንና በቢሊዮን ይቆጠራል። የሚቆጠረው ጉድጓድ ነው። ክብ ቢቆጠር፣ ማለትም እያንዳንዱ ችግኝ አዋቂ ሲሆን የሚፈልገው ስፋት ቢለካ፣ ቁጥሩ ያንስ ነበር፤ የሚጸድቀው ግን የሚበዛ ይመስለኛል። ስለ ተራራውና ስለ ተፋሰሱ ባለሙያዎቹ ይናገሩ። ስለ ግቢያችን ግን ሌላ ባለሙያ አያስፈልግም።

ስለዚህ አንባቢዎቼን የምለምነው ይህን ነው። ሰኔ ሳይገባ፣ ችግኝ ሳትገዙ፣ ሜትር ይዛችሁ ግቢያችሁን ለኩ። ከቤቱ ሁለት ማዕዘኖች ተነሡ፤ ታንከሩንና ጉድጓዱን አትርሱ። ሰሜንን አመልክቱ። ከዚያ የምትፈልጉትን ዛፍ ክብ ሲያድግ በሚኖረው ልክ አዙሩት፤ ዕድሜውን በክቡ ውስጥ ጻፉ፤ የታኅሣሥ ጥላውንም አጥቁሩት። ክቡ አጥር ከተሻገረ ወይ አነስ ያለ ዛፍ ምረጡ፣ ወይ ጎረቤታችሁን ቡና ጠርታችሁ ወረቀቱን አብራችሁ እዩት።